ጣሪያ ላይ የቆመ ውሃ

የካቲት 4 ቀን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ከጣሪያ አልወደቅሁም። ልብስ ሰፊው ለልጁ፣ ልጁ ደግሞ በስልክ ላንተ ያቀበለው ወሬ ሦስት ስህተት ስላለበት በተራ አርመዋለሁ። አንደኛ፣ የወደቅሁት ከጣሪያ ሳይሆን ከመሰላል ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ለመርገጥ የቀሩኝ ሦስት መወጣጫዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሦስተኛ መወጣጫ መምጣት ደግሞ ፈጠን ብሎ መውረድ እንጂ መውደቅ አይባልም። ሦስተኛ፣ አልጋ አልያዝሁም። እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ስድስት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብሁ። ልብስ ሰፊው እኔን ሲለካኝ ይህን ያህል ቢሳሳት ኖሮ ቀሚሴ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

“ምን ሊሠሩ ወጡ?” ላልኸኝ፣ ውሃው ከየት እንደሚገባ ለማየት ነው የወጣሁት። ቤታችን በአራት ቦታ ውሃ ያስቸግረዋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ያለው እድፍ ይሰፋል። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ወደ መተላለፊያው ግድግዳ ይዘልቃል። ግቢው ውስጥ ያለው የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ካደረ ጠዋት አንድ ስንዝር ጎድሎ አገኘዋለሁ። የኋላው ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይረጥባል፤ ልስኑ ነጭ አመድ እያወጣ ይረግፋል። በየዓመቱ በዘይት ቀለም አስቀባዋለሁ፣ በየዓመቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

ቀለም የሚሸጠው ሰው አንድ ባልዲ የውሃ መከላከያ ቅብ አወጣልኝ።

“ማዘር፣ ይሄ ሁሉንም ይይዛል። ጣሪያ በሉት፣ ሻወር በሉት፣ የውሃ ማጠራቀሚያ በሉት። ቀብቶ መርሳት ነው።”

“ለራስ ምታትስ?” አልሁት።

“አልገባኝም።”

“ለሁሉም ይሆናል ስትለኝ ነዋ።”

ሳልገዛ ተመለስሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር አንድ መልስ ለአራት ጥያቄ ሲሠራ አላየሁም።

ይህ ያንተ ሙያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስንጻጻፍ ስለ ሥራህ ጠይቄህ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለንና አሁን አላነሣውም። አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። ለየትኛው ቦታ የትኛው ነው የሚስማማው? ደግሞ የኋላው ክፍል፣ ያንተ ክፍል ማለቴ ነው፣ ታክሞ እስኪደርቅ ስንት ጊዜ ይወስዳል? የምጠይቀው ለግድግዳው ብዬ ነው።

ስልክ እንድደውል ጽፈሃል። በስልክ የተባለ ነገር ተመልሶ አይነበብም። ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 27 ቀን

እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? እግርዎ እንዴት ሆነ? “ፈጠን ብሎ መውረዱ” እንዳይደገም አደራ። እኔ እንኳን ስንት ፎቅ ላይ ስንጠለጠል ኖሬ እንደዚያ ወርጄ አላውቅም።

ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ሰሞኑን ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ሠራተኞቹ “ሙጫ፣ ምን ተገኘ?” ሲሉኝ ነበር። አዎ፣ እዚህም ሙጫ ነው የሚሉኝ። ቀሚስዎን ይዤ አልለቅም ስልዎ ያወጡልኝን ስም እኔው ነኝ የነገርኳቸው።

ባለሱቁን ባለመስማትዎ ደግ አደረጉ። አንድ ቦታ ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ልቀባ ብዬ አይደለም። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ሌላስ ምን አብሮት አለ ብዬ ነው።

ጣሪያ ላይ ውሃው መጥቶ ይሄዳል፤ ፀሐይዋ ግን አትሄድም። ሶሌታው፣ የጣሪያው ኮንክሪት ማለቴ ነው፣ ቀን ይለጠጣል፣ ሲመሽ ይኮማተራል። አብሮት የማይሳብ ነገር ከቀቡበት ይሰነጠቃል። እዚያ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥና ፀሐይ የማያደርቀው ነው የሚያስፈልገው። መታጠቢያ ቤት ፀሐይ የለም፤ ግን ከላዩ ሴራሚክ ይለጠፍበታል። ሬንጅ ላይ ሴራሚክ አይዝም። ስለዚህ ሲሚንቶ ያለበትን፣ ከዱቄትና ከፈሳሽ ተደባልቆ የሚቀባውን ይግዙ፤ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ላይ የጨርቅ ጥብጣብ ይቀበርበት። የማጠራቀሚያው ውሃ ይጠጣል፤ ባልዲው ላይ ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ተብሎ ያልተጻፈበትን ነገር በምንም ምክንያት እንዳያስገቡበት።

የኋላው ክፍል ነገር ሌላ ነው። ውሃው የሚመጣው ከውጭ፣ ከአፈሩ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከውስጥ እየቀቡ ነው የሚከላከሉት። ከውስጥ የተቀባውን ውሃው ከኋላው ሆኖ ገፍቶ ይጥለዋል። በውጭ በኩል እስከ መሠረቱ ይቆፈር፣ ግንቡ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ሬንጅ ከወደዱ እዚያ ይቀባ፤ አፈር ውስጥ ፀሐይ አታገኘውም። አፈሩ ሲመለስ ከግንቡ ጎን ጠጠር ይሙሉበት። የውስጡን የዘይት ቀለም ፍቀው ግድግዳው ይተንፍስ። ለመድረቅ ሁለት ወር ተኩል፣ ሦስት ወር ይፈልጋል።

ክፍሉ ከደረቀ በኋላ ማን ይገባበታል የሚለውን፣ አሁን ሥራ በዝቶብኛልና ወደፊት እንጨዋወታለን። ይህንንም የምጽፈው መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ባልዲ ላይ አስደግፌ ነው።

ወንድምዎ


መጋቢት 21 ቀን

ለወንድሜ፤

እግሬ ደህና ነው። ሁለተኛ አትጠይቀኝ።

መታጠቢያ ቤቱ አልቋል። ግንበኛው ጎበዝ ነው፤ ችኮላው ግን አያድርስ ነው። የመጀመሪያውን ቅብ ጠዋት ቀብቶ ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ሊደርብ ባልዲውን ሲያማስል ደረስሁበት።

“ደርቋል እኮ እማማ፣ ይንኩት።”

“መመሪያው ላይ ምን ይላል?”

“መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው።”

“እንግዲያው እኔ አላውቅምና አንብብልኝ።”

አነበበው። ባልዲውን ከድኖ ሄደና በነጋታው መጣ። ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን አቋርጦ እንዲሄድ አደረግሁ፤ አንዱ ቁመቱን፣ አንዱ አግድሙን። ጥጉ ላይ ጥብጣቡ ተቀብሯል። አሁን ግንበኛው “የእርስዎ ቤት ፈተና ነው” እያለ ለሰው ያወራል፤ ሲመጣ ግን ጫማውን ጠርጎ ይገባል።

ማጠራቀሚያው የተጻፈበትን ዓይነት ተቀብቷል። ሰባት ቀን ደርቆ፣ ታጥቦ እጣቢው ከተደፋ በኋላ ስምንተኛው ቀን ሞላሁት። ጠዋት ስለካው አልጎደለም።

የኋላው ክፍል በውጭ በኩል ተቆፈረ። ግንቡ እንደ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ነበር። አሁን ተቀብቶ፣ ጠጠሩ ተሞልቶ፣ አፈሩ ተመልሷል። ውስጡን ራሴ ፋቅሁት። ሃያ ስድስት ንብርብር የዘይት ቀለም ነበረበት፤ ቆጥሬዋለሁ። ያጋደለውን መደርደሪያህን ለማንሣት ተገድጄ ነበር፤ ከቀኝ እግሩ ሥር ያስገባሁትን የታጠፈ ወረቀት ሳይቀር በቦታው መልሻለሁ። ግንበኛው “ላቃናልዎት” ብሎኝ ነበር። ተወው አልሁት። እንዳጋደለ ትተኸው ነው የሄድኸው። መስኮቱን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ግድግዳው ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ነው፤ የእርጥበቱ ጠርዝ የደረሰበትን በየእሑዱ በእርሳስ አሰምርበታለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤዎችህ አሉኝ፤ በዓመታቸው አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ። ከመኪና ማቆሚያ ጉድጓድ ጽፈህልኛል። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ወረቀቱን ንፋስ እየታገለህ ጽፈህልኛል። የባቡር መተላለፊያ ሥር ሆነህ ጽፈህልኛል። ባለፈው ዓመት ከመጡት አምስት ደብዳቤዎች ግን አራቱ መጋዘን ውስጥ የተጻፉ ናቸው። ሥራ የበዛበት ሰው መጋዘን ውስጥ ምን ይሠራል?

በትክክል መልስልኝ። ግማሽ መልስ ግማሽ ነጥብ እንደማይሰጥ ታውቃለህ።

የጣሪያውንም አስረዳኝ፤ ዝናቡ ሁለት ወር ቀርቶታል።

እህትህ


ሚያዝያ 9 ቀን

እትዬ፤

ከእርስዎ የሚደበቅ ነገር የለም ማለት ነው። እሺ።

ጉልበቴ አልቋል። ሁለቱም። ይህ ሥራ ተንበርክኮ የሚሠራ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ተንበርክኬ ወደ ኋላ እየሄድኩ ቀባሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ በምርኩዝ ነው የምሄደው። ሐኪሙ መሰላል ከልክሎኛል። አለቃዬ ደግ ሰው ስለሆነ አላባረረኝም፤ መጋዘን አስቀመጠኝ፤ እዚያ ባልዲ አስረክባለሁ፣ ለአዲሶቹም የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን እነግራለሁ። ያልነገርኩዎት እንዳያዝኑ ብዬ አይደለም። ምርኩዝ ይዤ ያንን ግቢ ስገባ ሰፈሩ የሚለው ታይቶኝ ነው።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ እኔ ያነጠፍኩት አሮጌ ንጣፍ ተገፎ ይጣል። ሶሌታው ይጠረግ፣ ከዚያ የሚለጠጠው ቅብ ሁለት ጊዜ ይደረብ። ሲደርቅ የመውረጃውን አፍ ይድፈኑና ሦስት ጣት ውሃ ይሙሉበት። ሁለት ቀን ይቆይ። ከታች ጠብታ ካልታየ ጣሪያው አልፏል ማለት ነው። እኛ የሠራነውን ሳንፈትን አናስረክብም። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ያላነሡትን ነገር እኔ ላንሣው፤ ሁለተኛ አላነሣውም። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። የሬንጅ ጥቅሉን ለአራት ቀን በእሳት እያቀለጥኩ ስለጥፍ እርስዎ ውሃ እያቀበሉኝ ነበር። ከዚያ ሥራ ተቋራጩን ከእነ ረዳቱ፣ ጎረቤቶችንም ሥራዬን እንዲያዩ ጋበዝን። ዝናቡ የዚያን ቀን መጣ። ጠብታዋ ሌላ ቦታ ብትወድቅ ምናለበት፤ ቀጥ ብላ የሰውየው ሻይ ውስጥ ገባች። እርስዎም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ይህ እጅ ለሥራ የሚሆን እጅ አይደለም” አሉ። አልዋሹም። ውሃው እየገባ ነበር።

ስህተቴ የት እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በአእምሮዬ ሄጄባቸዋለሁ። በሕይወቴ የሠራሁትን መገጣጠሚያ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ የማየው በዚያች ጠብታ ምክንያት ነው። ሌላው አንድ ጣሪያ በሚጨርስበት ቀን እኔ ግማሹ ላይ እሆናለሁ። ጉልበቴም ቶሎ ያለቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ይለኛል አለቃዬ፣ ሲቀልድብኝ።

ግድግዳው የት ደረሰ?

ወንድምዎ


ሚያዝያ 30 ቀን

ወንድሜ፤

ግድግዳው ከወለሉ አንድ ስንዝር ላይ ደርሷል። ከዚህ በታች ያለውን ተቀምጠህ አንብብ።

የመመሪያህን ቅደም ተከተል ገለበጥሁት። ንጣፉ ተገፎ ከተጣለ ስህተቱ የት እንደነበር መቼም አይታወቅም። አንተ ሃያ ስድስት ዓመት የፈለግኸውን ነገር ሳላይ ማስጣል አልሆነልኝም። ስለዚህ አሮጌውን ንጣፍ እንዳለ ፈተንሁት።

ግንበኛው መሰላሉን ይዞልኝ ወጣሁ። የመውረጃውን አፍ በጨርቅና በላስቲክ ደፈንን፤ በጎማ ቱቦ ሦስት ጣት ውሃ ሞላን። የውሃው ልክ የደረሰበትን ጠርዙ ላይ በጠመኔ አሰመርሁ። ከታች የሳሎኑን ኮርኒስ አስፈትቼ፣ ወንበር አምጥቼ፣ ቀና ብዬ ሶሌታውን ሳይ ዋልሁ። አንገቴ እስካሁን አልተመለሰም።

ሦስት ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ታየች። አንድ ቦታ ብቻ። ከምሥራቁ ግድግዳ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፤ ያኔ የሰውየው ሻይ ከነበረበት ጠረጴዛ ልክ በላይ። ሌላው ደረቅ ነው። መገጣጠሚያዎችህ በሚያልፉበት መሥመር ሁሉ እጄን እየሰደድሁ ነካሁት፤ አቧራ ነው ያለው። ወጥቼ ያንኑ ልክ ከላይ ለካሁ። ማስመሪያዬ የልብስ ማስጫው ምሰሶ እግር ሥር አደረሰኝ።

ውሃውን አስለቅቄ ግንበኛውን ምሰሶውን ፍታው አልሁት። ብረቱ ሲነሣ ከሥሩ አራት የቡሎን ቀዳዳ ወጣ፤ ንጣፍህን በስተው ሶሌታው ውስጥ የገቡ።

“እማማ፣ ይህን የቦረቦረው የትኛው ደንቆሮ ነው?” አለኝ። “ሰውየው እንዲህ አሳምሮ አንጥፎ፣ ሌላው መጥቶ...”

“ደንቆሮዋ እኔ ነኝ። ገመዱንም ፍታ።”

ፈታው። ጠቅልሎም ከብረቱ ጋር ይዞት ወረደ።

ትዝ ይልሃል፣ ሥራውን ጨርሰህ ሥራ ተቋራጩን ልትጋብዝ ሁለት ቀን ሄደህ ነበር። እንግዶች ሊመጡ ነውና መጋረጃና አንሶላ ማጠብ ነበረብኝ። የግቢው ገመድ ደግሞ ረግቦ ያስጠላኝ ነበር። ብረት ሠሪውን ጠርቼ ጣሪያው ላይ ምሰሶ አስተከልሁ። ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ አረጋግጫለሁ። አራቱ ቀዳዳዎች እኩል በእኩል መሆናቸውን በማስመሪያ ለክቻለሁ። አንድ የአንሶላ ጫፍ ከሌላው ዝቅ እንዳይል ተጠንቅቄ ነበር። ዝናቡ ስለቀደመን ማንም ወደ ላይ አልወጣም፤ አንተም ምሰሶውን ሳታየው ከቤት ሄድህ።

አላወቅሁም ነበር ብዬ ብጽፍልህ ይቀለኝ ነበር። በትክክል ልጻፍ። አንተ በሄድህ በሁለተኛው ዓመት ጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ የምሰሶው እግር ዙሪያ ከሌላው ቦታ ዘግይቶ እንደሚደርቅ አየሁ። አይቼ ገመዱን አጠበቅሁና ወረድሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መገጣጠሚያዎችህን ሬንጅ አስቀባሁ። ምሰሶውን አንድም ቀን አላስነቀልሁም። ተማሪ መልሱን እያወቀ ወረቀቱን ባዶ አድርጎ ቢያስረክበኝ ምን እንደምለው ታውቃለህ።

እጅህ ለሥራ የሚሆን እጅ ነበረ። መገጣጠሚያዎችህ ያኔም ዛሬም አንድ ጠብታ አላሳለፉም። ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ጽፌልህ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ለመጻፍ ተቀምጬ ስለ አየሩ ጽፌ ልኬያለሁ።

ስለ ምርኩዝህ፦ ልብስ ሰፊው ያወራል። እኔም ከመሰላል ስመጣ አውርቷል። አውርቶ ሲጨርስ ሌላ ወሬ ያገኛል።

ስለ ግድግዳው ብዬ ነው የጠየቅሁህ ብዬህ ነበር። ስለ ግድግዳው አልነበረም።

ግንበኛው ቀዳዳዎቹን ነገ ደፍኜ ላሳርፍዎት ይላል። ምን እንደሚደፈንበት ንገረኝ።

እህትህ


ግንቦት 14 ቀን

እትዬ፤

ደብዳቤው ደረሰኝ። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን መጋዘኑን ዘግቼ አንድ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩና፣ ያንን ጣሪያ ከጥግ እስከ ጥግ እንደገና ሄድኩበት። ምሰሶው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እትዬ፣ ምንም አልተበሳጨሁም። ደከመኝ ብቻ፤ ረጅም መንገድ ሄዶ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

የቡሎኑ ውፍረት ስንት ነው? የበሰበሰው ንጣፉ ብቻ ነው ወይስ የሶሌታው ብረትም ዝጓል? የዛገ ብረት ላይ ዝም ብሎ መድፈን አይሆንም፤ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ግንበኛው ጎበዝ ቢሆንም ይቸኩላል ብለውኛል።

አይድፈኑት። እኔ ልየው።

ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ሰኔ ሁለት ቀን በሚነሣው አውቶቡስ ነኝ። መሰላሉን እንዴት እንደምወጣው እንጃ፤ ያኔ እናስብበታለን።

ሙጫ


ግንቦት 26 ቀን

ለሙጫ፤

የቡሎኑ ውፍረት አሥራ ሁለት ሚሊ ነው። ብረቱ ከአራቱ ቀዳዳ በሁለቱ ውስጥ ዝጓል፤ በመብራት አየሁት፣ ቀይ ነው። አልደፈንሁትም። ግንበኛው “ዝናቡ መጣ እኮ፣ ምን ይጠብቃሉ?” ሲለኝ ባለሙያው እስኪመጣ ነው አልሁት። “ከእኔ ሌላ ባለሙያ አመጡ እንዴ?” ብሎ አኮረፈ። ንጣፉን ያነጠፈው ሰው ነው ስለው ኩርፊያውን ትቶ፣ እሱስ ቢያስተምረኝ ደስ ይለኛል አለ።

ግድግዳው ደርቋል። የመጨረሻውን የእርሳስ መሥመር ባለፈው እሑድ ከወለሉ ጋር አገናኘሁት።

መሰላሉን አታስብ። ሐኪም የከለከለው መሰላል ነው፤ ደረጃ አልከለከለም። ብረት ሠሪው መሐሉ ላይ ማረፊያ ያለው፣ በሁለቱም በኩል መደገፊያ ያለው ደረጃ እየበየደ ነው። የአንዱ እርከን ከፍታ አሥራ ስምንት ሴንቲ ይሁን ሲለኝ አሥራ አራት አልሁት። “ለሕፃን ነው እንዴ?” አለኝ። ለወንድሜ ነው አልሁት። ከደረጃው አንድም ቡሎን ሶሌታውን አይነካም፤ ቆሜ አያለሁ። ላይ ስትደርስ የምትቀመጥበት ወንበር ይኖራል። ከዚያ አንተ በምርኩዝህ ትጠቁማለህ፣ ግንበኛው ይንበረከካል። ጉልበቱ ገና አዲስ ነው።

ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ከብዷል። አንተ እስክትደርስ ሊጥል ይችላል። ይጣል።

ነገ የምሠራውን ልንገርህ። አራቱን ቀዳዳዎች በሰፊ ሳፋ ከድኜ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ሳፋው ካልበቃ ብዬ ከታች የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ያኔ የሰውየው ሻይ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ጎድጓዳ ሳህን አኖራለሁ። አንሶላህን አጥቤ ግቢው ውስጥ፣ በረገበው ገመድ ላይ አሰጣለሁ። መደርደሪያህን አቧራውን አራግፋለሁ፤ አላቃናውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ሱቁን እንደከፈተ ልብስ ሰፊው ዘንድ እሄዳለሁ። ደንበኞቹ ባሉበት፣ ያንን ጣሪያ የበሳሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ያንተ እጅ ምንም ጥፋት እንዳልነበረበት እነግረዋለሁ። እሱ የሰማው ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩን ያዳርሳል። እንዳያዛባው በጽሑፍ ይዤለት እሄዳለሁ።

እህትህ